ለአንድ ሰው የተጻፉ አምስት መስመሮች

የብሳና በር ከተማ ድረ ገጽ ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መሥራት አቆመ፤ ከተማዋም ከዚያው ሰዓት ጀምሮ መጉደል ጀመረች። መጀመሪያ የሄደው ድልድዩ ነው። ድልድዩ «የከተማችን ቅርሶች» በሚለው ገጽ ላይ ሁለተኛው ፎቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ደረጃና የመናኸሪያው ጣሪያ ተከተሉት። ማዘጋጃ ቤቱ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጻፈ። «ጉዳዩ፦ ድልድያችን እንዲመለስልን ስለመጠየቅ» ይላል።

ደብዳቤው ከአንድ አሮጌ ሲዲ ጋር በፖስታ ታሽጎ በማግስቱ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ድልድይ ስለሌለ የማዘጋጃ ቤቱ ሾፌር ወንዙን በእግሩ ተሻግሮ ነው ያመጣው። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አቶ ይልቃል ሁለት ጊዜ አነበበውና ስንዱን ጠራት።

«አንቺ የብሳና በር ልጅ አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ያንቺ ነው። የድሮው ሰርቨር ሞቷል። እስከ ነሐሴ ሠላሳ አዲሱ ላይ ጫኚው። ከጳጉሜ አንድ እስከ መስከረም ሦስት ምንም ነገር እንደማይጫን ታውቂያለሽ፣ የቤቱ ሕግ ነው።»

የብሳና በር ልጅ ባትሆንም ለእሷ ነበር የሚሰጠው። ስንዱ ጓንጉል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሎች ጽፈው የተዉትን ኮድ ስታቃና የኖረች ሴት ናት። አሮጌ ኮድ እንደ አሮጌ የጭቃ ቤት መሆኑን፣ አንዱን ምስማር ሲነቅሉት ግድግዳው ተከትሎ እንደሚመጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ወደ ወንበሯ ተመልሳ መጀመሪያ ያደረገችው ግን አባቷ ጋ መደወል ነበር። አቶ ጓንጉል ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብሳና በር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቤቱ በር ዛሬ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ግድግዳ ሆኗል። በመስኮት ነው የወጣሁት። እነየሺመቤትማ መስኮቱም ሄዶባቸው በጣሪያ ነው የሚወጡት።»

«ከቤት አትራቅ እሺ?»

«ወዴት እርቃለሁ ልጄ፣ ድልድይ የለ።»

ሲዲው ላይ በእስክሪብቶ «ብሳና በር፣ 1999» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የጋሽ ድንቁ ነው። ጋሽ ድንቁ የከተማዋ የሂሳብ መምህር ነበሩ፤ ድረ ገጹን አንድ መጽሐፍ ገዝተው፣ ክረምቱን ቤታቸውን ዘግተው፣ ብቻቸውን ጻፉት። ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የስንዱ ላፕቶፕ ሥራቸውን አላውቀውም አለ። እሷም በላፕቶፗ ውስጥ ለብቻው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሠራችለት፤ በጋሽ ድንቁ ዘመን የነበረውን ሁሉ እየለቃቀመች አስገባችበት። ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ቀን እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተ።

በዚያው ደቂቃ ድልድዩ በመሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ተገኘ። ከፎቶ ኮፒ ክፍሉ ተነስቶ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ይደርሳል፤ ከሥሩ ጭቃማ የክረምት ውሃ ይወርዳል። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ተሻገረችው። አቶ ይልቃል መሐሉ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የብሳና በር ድልድይ ነው።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«እኔ ላፕቶፕ ላይ ስለተከፈተ ነው።»

«አንቺ ጋ መሥራቱ ምን ያደርጋል? እነሱ ጋ ነው መሥራት ያለበት።»

ይህን አቶ ይልቃል ለሁሉም ሰው ነው የሚለው።

ነሐሴ ሠላሳ ጠዋት የአቶ ጓንጉል ስልክ አልነሳ አለ። ስንዱ ጎረቤታቸው እትዬ የሺመቤት ጋ ደወለች። የአባቷ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ቦታ እንደሌለ፣ የግራና የቀኙ ቤት አጥር እንደገጠመ ነገሯት። ስንዱ ላፕቶፑ ላይ «ነዋሪዎች» የሚለውን ገጽ ከፈተች፣ «ጓንጉል» ብላ ፈለገች፣ ስሙን ተጫነችው።

አቶ ጓንጉል የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በነጠላ ጫማ ናቸው፤ ትንሿን ሬዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«ይሄ ነው ቢሮሽ?» አሉ ዙሪያውን አይተው። «ጠባብ ነው።»

ስንዱ ተነስታ አቀፈቻቸው። «ቁጭ በል አባዬ። ምንም እንዳትነካ» አለቻቸው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ከሰኔ ጀምሮ እንደተበላሸ ነው። ባትሪው አርባ አንድ በመቶ ይላል። ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ሲደበዝዝ አቶ ጓንጉልም ደበዘዙ፤ የወንበሩ መደገፊያ በደረታቸው በኩል ይታይ ጀመር። እሳቸው አላስተዋሉም። ስንዱ ግን አየች፤ ባትሪው ቢያልቅ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግራት አላስፈለገም።

አዲሱ ሰርቨር ፕሮጀክቱን ሦስት ጊዜ መለሰባት። አሮጌ ነገር አልቀበልም፣ መጀመሪያ ይጽዳ ነው የሚለው። ማጽጃው ፕሮግራም ማንም የማይጠራቸውን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፋይሎች ዘርዝሮ አቀረበላት። አንድ በአንድ እየከፈተች ታነባለች፣ ታጠፋለች። አቶ ጓንጉል ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንላቸውም።

«ድንቁ እኮ ክፉ ሰው አልነበረም» አሉ። «ግን ችኮ ነው።»

«እሺ አባዬ።»

«ነዋሪውን ሲመዘግብ ቤቴ መጣ። መቼ ተወለድክ አለኝ። ጳጉሜ ሦስት አልኩት። መስከረም አንድ ልበልልህ፣ ጳጉሜ የተወለደ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስጽፈው፣ ማሽኑም አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው አለኝ።»

«እሺ።»

«እናቴ ጳጉሜ ሦስት ወልዳኝ እኔ ለማሽን ብዬ ቀን አልቀይርም አልኩት። ሳምንት አኮረፈኝ። በኋላ እያጉረመረመ መጣና፣ በል ላንተ ብቻ ብዬ ጻፍኩልህ አለኝ።»

«እሺ አባዬ» አለች ስንዱ። አልሰማችም። ባትሪው አሥራ ስምንት በመቶ ደርሷል፤ የአባቷ እግሮች ከጉልበታቸው በታች በደንብ አይታዩም።

ከመጨረሻዎቹ ፋይሎች አንዱ «አትንኩ» ይባላል። ውስጡ አምስት አጫጭር መስመሮች አሉ፤ ከላያቸው «ለአንድ ሰው ነው። አትንኩ። ድንቁ» የሚል ማስታወሻ ተጽፏል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «አትንኩ» የሚል ፋይል ስንትና ስንት ጊዜ አይታለች፤ ሁሉንም ነክታቸዋለች፣ ምንም አልሆነም። ለአንድ ሰው ተብሎ የተጻፈ ነገር ከተማ አያቆምም ብላ አሰበችና አጠፋችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በዚያ ሰዓት ግን ተረት የሚያስታውስ ማን አለ?

ሰባት በመቶ ላይ አዲሱ ሰርቨር ተቀበላት። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ድልድዩ ከኮሪደሩ ሄደ፤ እርጥብ ወለልና ሁለት ሦስት እንቁራሪቶች ቀሩ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«ደርሻለሁ» አሉ አቶ ጓንጉል። «በሩም አለ።»

ስንዱ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያ የደስታ ለቅሶ ነበር።

በማግስቱ፣ ጳጉሜ አንድ፣ ከብሳና በር ስልክ የሚያነሳ ሰው ጠፋ። አባቷም፣ እትዬ የሺመቤትም፣ ማዘጋጃ ቤቱም አያነሱም። ስንዱ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ድልድዩ በቦታው ነው፤ የጤና ጣቢያው ደረጃ አለ፤ የአባቷ ቤት በር አለ። ሰው ግን የለም። አልጋዎቹ ተነጥፈዋል። መዝገብ ላይ ያልተጻፉት ውሾች ብቻ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ያኔ የአባቷ ወሬ፣ ያልሰማችው ሁሉ፣ ቃል በቃል ተሰማት፤ ያጠፋችው ጳጉሜን ነበር። ለአቶ ይልቃል ደወለች።

«አምስት መስመር ብቻ ነው። ዛሬ ልጫነው።»

«መስከረም አራት።»

«አባቴ ነው እኮ!»

«ስንዱ፣ ሕጉን እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። ማሽኑ ራሱ ነው የሚዘጋው።»

እውነቱን ነው፤ ሞከረችው፣ ዝግ ነው። አምስቱን ቀን በባዶዋ ከተማ ከውሾቹ ጋር አሳለፈች። መስከረም አንድ ማለዳ በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ ሰዉ አዲስ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ለእነሱ ትናንት ነሐሴ ሠላሳ ነበር። የአባቷ በር ብቻ አልተከፈተም። እትዬ የሺመቤት እንኳን አደረሰሽ ብለው ሳሟት።

«አባቴስ፣ እትዬ?» አለች ስንዱ።

«የቱ አባትሽ?»

«እዚህ ቤት የሚኖረው።»

«እዚህማ ሰው ኖሮ አያውቅም» አሉ እትዬ የሺመቤት በትሕትና። «ባዶ ቤት ነው።»

መስከረም አራት ቀን ስንዱ አምስቱን መስመሮች ከሲዲው ላይ መልሳ ጫነች። ጳጉሜ ግን አልፋለች። በሳምንቱ ከማዘጋጃ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። «ለወይዘሪት ስንዱ» ይልና ከዚያ የአራት ፊደል ያህል ባዶ ቦታ ይተዋል። መታወቂያዋን አውጥታ አየች። እሱም ላይ እንደዚሁ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስሟን ሲጠሩ «ስንዱ» ይሉና ቀጥሎ የሆነ ነገር እንደሚጠብቁ ትንሽ ዝም ይላሉ።

በዓመቱ፣ ጳጉሜ አንድ ማለዳ፣ የአባቷ ስም መታወቂያዋ ላይ ተመለሰ። ስንዱ ቁርስ ሳትበላ መናኸሪያ ሮጠች። አቶ ጓንጉል በራቸው ላይ ቆመዋል።

«አሁን ደርሻለሁ አላልኩሽም? ምን አስሮጠሽ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ፀጉርሽን ምን ነካው?»

አምስት ቀን አብረው ሰነበቱ። በአምስተኛው ቀን ጀምበር ስትጠልቅ፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ እያወሩ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ሄዱ። ብሳና በር ውስጥ ቀን የሚያልቀው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ጋሽ ድንቁ እንደዚያ ነው የጻፉት፣ አዲሱ ሰርቨርም ከጳጉሜ ውጭ አቶ ጓንጉልን አያውቃቸውም። በሚቀጥለው ዓመት በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት። «ጣሪያው በዚያ በኩል ነው የሚያፈሰው» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ጨረሱ።

አሁን ሦስተኛው ጳጉሜ ነው፤ አምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ጓንጉል ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ አይደል?» አሉ። «ጳጉሜ ስድስት ናት እኮ። ነገ አብረን ጣሪያውን እናያለን።»

ስንዱ ከዚያ ወዲህ ያንን ፋይል አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም፤ ፈርታ ነው። ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አወጣችና ከፈተችው። መስመሮቹን ቆጠረች። አምስት ናቸው፣ ለአንድ ቀን አንድ መስመር። ስድስተኛውን ጻፈች። ሰርቨሩ እስከ መስከረም አራት ዝግ መሆኑን ነገራት። እንደገና ላከችው። እንደገና ነገራት። ባትሪው ዘጠኝ በመቶ ነው፤ ፀሐይዋ ድልድዩ ጫፍ ላይ ደርሳለች። መታወቂያዋን ላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጣዋለች። «ል» ጠፋች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አቶ ጓንጉል።

«መታወቂያዬ ነው አባዬ።» ጣቷን ሳታነሳ ደግማ ላከችው። «ጉ» ጠፋች።

«መነጽሬን ውስጥ ትቼዋለሁ። እስቲ ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

ስንዱ መታወቂያውን አነሳች። ከስሟ ቀጥሎ «ጓ» ብቻ ቀርታለች።

«ስንዱ ጓንጉል» ብላ አነበበች።

«ጎሽ» አሉ ከጎኗ። «እስቲ ድገሚው።»

መታወቂያው ላይ ምንም የለም። ከባዶው ወንበር ላይ ሬዲዮኑ ዜና ያነባል። ስንዱ ደግማ አነበበችው።