የሸሁ ላት

«ሸሁ አጥንታቸው የሚቆጠር ሰው ነበሩ። ምን ኮሌስትሮል ያገኛቸዋል? እሱ የጠገበ ሰው በሽታ ነው» አለች ጎረቤታቸው ሀዲያ፣ ለሐዘንተኞቹ ያመጣችውን እንጀራ ከመሶብ እያወጣች።

የሩፋይዳ አባት ሸህ ሙሐመድኑር ልባቸው ቆሞ ከሞቱ ወዲህ ይህን የመሰለ ነገር ያላላት ለቀስተኛ የለም። አንዱ ዓይነ ጥላ ይላል፣ ሌላው ብርድ። ምክንያቱን ሐኪም ነግሯቸው ሳለ ሌላ ምክንያት ማምጣት ለምን እንደሚቀላቸው አይገባትም። ትናደዳለች።

«ደም ውስጥ ያለ ስብ ከውጭ አይታይም። ቀጭኑንም ይይዛል» አለች።

«ታዲያ ለምን አላመማቸውም?»

«አያምም። የልብን የደም ሥር እያጠበበ ዝም ይላል። ሲያም ረፍዷል።»

«ጂዳ የማያስተምሩት የለ» አለች ሀዲያ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ከጂዳ በተመለሰችበት ዓመት አባቷንና ወንድሟን ሙጀሂድን ደሴ ወስዳ አስመርምራ ነበር። የሁለቱም ደም አንድ ዓይነት ሆነ፤ ሐኪሙ በዘር የሚወርድ መሆኑን ነገራቸው። ሸሁ ሳቁ። «ስቡ ደሜ ውስጥ ከተደበቀ ሥጋዬ ምነው አላገኘው?» አሉት። ኪኒኑን ግን ዋጡ፤ ዋጡና ረመዳን ሲገባ ተዉ። ሐኪሙ ማታ ካፈጠሩ በኋላ እንዲወስዱት ነግሯቸው ነበር። ዒድ አልፎ ስትጠይቃቸው «አላመመኝም» አሏት። ላቱንም አልተዉም። በዚህ አገር የበግ ላት ዱዓ ለሚያደርገው ሰው ይቀርባል፤ እምቢ ማለት ቤቱን ማዋረድ ነው። ሸሁ ማንንም አላዋረዱም። በየሰርጉ፣ በየመውሊዱ ክብራቸውን በሉ።

በሰደቃው ቀን ከወግዲ ዘመዶች ያመጡት ሙክት ታረደ። ወንዶቹ እልፍኝ ተቀመጡ። ባሏ ስለሞተ ዒዳ የገባችው እናቷ ዓሊማ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሙጀሂድ ከተቀመጠበት አጠገብ ታለቅስ ነበር። ሩፋይዳ የእጅ ውሃ ይዛ ስትገባ፣ የአባቷ ወዳጅ ሸህ ሷሊህ ላቱን አንስተው ሙጀሂድ ፊት አኖሩት።

«ደረሶቹን ከእንግዲህ ቁርአን የምታቀራው አንተ ነህ። የአባትህ ቦታ ያንተ ነው። ብላ።»

«አይበላም» አለች ሩፋይዳ።

ወንዶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ አጀል ነው» አሉ ሸህ ሷሊህ ቀስ ብለው። «ቀኑ አይቀድም፣ አይዘገይ።»

«አጀሉን አልካድኩም። ግን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ገደሉ አፋፍ ላይ ለምን ከበቅሎ ይወርዳሉ?»

«በቅሎዬ ትደናቀፋለቻ።»

«የዚህም ልጅ ደም እንደዚያው ነው። ሐኪም አይቶ ነግሮናል።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሙጀሂድ ጆሮው ቀላ።

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ። አንድ ጉርሻ አይገድልም።»

«አይገድልም። አባባም ሁልጊዜ አንድ ጉርሻ ነበር የሚሉት። ኪኒንህስ?»

ሙጀሂድ ለመታጠብ እጁን ዘረጋላት።

«ኪኒንህስ፣ ሙጀሂድ?»

«ትቼዋለሁ። አላመመኝም።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ከመጋረጃው ጀርባ ሲሰማ የነበረው የዓሊማ ለቅሶ ተቋረጠ። ሸህ ሷሊህ አንገታቸውን ደፉ፤ ይህን ቃል ከማን አፍ እንደሰሙት ያውቃሉ።

«አንድ አባት ቀብሬያለሁ» አለች ሩፋይዳ። «ክብር ነው እያላችሁ ወንድሜን አታበሉብኝም። ክብር ከሆነ ሽንጡን ስጡት፤ እሱም ሥጋ ነው።»

መጋረጃው ከሥሩ ተገለጠና አንድ እጅ ወጣ፤ ሒና ያልነካው፣ ደም ሥሩ የተገተረ እጅ። ለባሏ ስትቆርጥ የኖረችውን ላት ዓሊማ ከልጇ ፊት አንስታ ወደ ውስጥ ወሰደችው።

«ይህ የእሱ ነበር። ከእሱ ጋር ይቅር» አለች። «ነገ ከእህትህ ጋር ደሴ ትሄዳለህ።»

እጇ ተመልሶ ወጣ። ስብ የሌለበት ቀይ ሥጋ በእንጀራ ጠቅልሎ ይዟል። ሙጀሂድ ሸህ ሷሊህን አየ፣ እህቱን አየ። የእናቱ እጅ አየር ላይ ቆየ፤ አልተመለሰም።

ሙጀሂድ ጎንበስ ብሎ ጎረሰ።