የሰርካለም ሐቅ

"እማ፣ መጣ!" አለች ረምላ። ሸምሲያ ፌስታሉን ከፍታ አፏ ላይ ሳታደርስ ግን ትውከቱ በአዲሱ ጥቁር አባያዋ ጉልበት ላይ ፈሰሰ።

"አንቺ ልጅ! ዳቦውን ስንደርስ ትበያለሽ አላልኩሽም?"

"ራበኛ።"

"መስኮቱን ክፈቺላት እናት፤ መቀመጫው እንዳይነካ" አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ግማሽ ሎሚ አቀበሏቸው። ሸምሲያ ሎሚውን ልጇ አፍንጫ ስር ይዛ በሌላው እጇ አባያዋን በላስቲክ ውሃ ታሽ ጀመር።

ከሶዶ ወደ ሁምቦ ሲወርዱ ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ይጨምራል። ልቧ ግን ቤቷ ነበር። ሁለት የኒካ ቀሚሶች ስፌት መኪናዋ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ ሙሽሮቹ ማክሰኞ ለልክ ይመጣሉ። እሁድ ለእሷ ማንም የማያቋርጣት የሥራ ቀን ነበር። ዛሬ ግን ይኸው፣ ትውከት እየጠረገች ይቅርታ ልመና ትሄዳለች። ያውም በሌላ ሰው ጥፋት። ቢያንስ እስከዚያች ሰዓት እንደዚያ ነበር የምታስበው።

ነገሩ የጀመረው ትናንት ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ረምላ ከመድረሳ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አራት ጣቷን ዘረጋች።

"ተውበት አራት ነገር ይፈልጋል" አለች። "ጥፋቱን መተው፣ መጸጸት፣ ሁለተኛ አልመለስበትም ብሎ መቁረጥ። አራተኛው ደግሞ የሰው ሐቅ ካለብሽ መመለስ ነው። እማ፣ የሰው ሐቅ ምንድን ነው?"

"የሰው ነገር ነዋ" አለች ሸምሲያ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ሳታነሳ። "የሰው ነገር ወስደሽ አስተግፊሩላህ ብቻ ብትዪ አይበቃም። ባለቤቱን አውፍ በዪኝ ማለት አለብሽ። አሁን ሂጂ፣ እጅሽን ታጠቢ።"

"የወሰድሽው ጨርቅ ቢሆንስ?"

"ጨርቁን ትመልሻለሽ።"

"ሽንት ቤት ከጣልሽውስ? በሱ ምክንያት ደግሞ ሌላ ሰው ከተባረረስ?"

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

ከአራት ወር በፊት አንዲት ሙሽራ ካመጣችው ወርቅማ ዳንቴል ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ተቆርጦ ጠፍቶ ነበር። የረምላ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ሁለት ጊዜ ነው ቤቱን የሚያየው። ቤት ውስጥ የነበሩት ሸምሲያ፣ ረምላና ሰርካለም ብቻ ነበሩ። ሰርካለም አራት ዓመት ሙሉ ምግባቸውን ያበሰለች፣ ልብሳቸውን ያጠበች፣ ረምላን ትምህርት ቤት ያመላለሰች የሁምቦ ሴት ናት። ሸምሲያ ብዙ አላሰበችም። ሌባ ብላ በማግስቱ ጠዋት አባረረቻት። ያን ጊዜ ረምላ አልጋ ስር ነበረች። ለአሻንጉሊቷ ሒጃብ ልትሠራ ብላ ዳንቴሉን የቆረጠችው፣ ሲበላሽባትም ሽንት ቤት የጨመረችው እሷ ነበረች።

ሸምሲያ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ጮኸች። ቀጥላ ጆሮዋን ቆነጠጠቻት። ከዚያ ነገሩን ማሳጠር ፈለገች።

"በይ፣ አስተግፊሩላህ በዪ። አላህ መሓሪ ነው።"

"ብያለሁ። አራተኛው ነው የቀረኝ።"

የሰርካለም ስልክ ሦስት ጊዜ ተደውሎ ሦስቱንም ጊዜ ዝግ ነበር። ረምላ ምሳ አልበላም አለች፤ ጥግ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ሸምሲያ ሻሿን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በቀጥታ ወደ መድረሳው ገሰገሰች። ወጣቱ ኡስታዝ ሙዘሚል የልጆቹን ምንጣፍ እያራገፈ ነበር።

"ኡስታዝ፣ ምንድን ነው የምታስተምራቸው? ልጅ እኮ ናት! ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ ወንጀል አይጻፍባትም። እንዲህ ማስጨነቅ ምን ይሉታል?"

ኡስታዙ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማት። "ልክ ነሽ፣ በእሷ ላይ አልተጻፈም" አለ ምንጣፉን እየጠቀለለ። "ሴትየዋን ያባረረው ሰውስ ስንት ዓመቱ ነው?"

ሸምሲያ እስከ ቤቷ ድረስ በንዴት ስትነድ ሄደች፤ ያም ሆኖ በማግስቱ ልጇን ይዛ ተሳፈረች።

የሁምቦዋ ጠበላ ከተማ ሲወርዱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከአስፋልቱ ወጥተው በበቆሎ ማሳዎች መካከል በእግር ቀጠሉ። ረምላ ትውከቱን ረስታ ጥያቄዋን ጀመረች።

"ይቅር ካላለችኝስ?"

"ትላለች።"

"ካላለችስ? አላህ ይጠብቀኛል ወይስ—"

"ረምላ! ሰው ይቅር እስኪልሽ ድረስ አፍሽን ዝጊ!"

የሰርካለም አባት አቶ ባዳቾ ከቤታቸው ጥላ ስር ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። በአማርኛቸው ወንዱም ሴቱም "አንተ" ነው። "ግባ፣ ግባ፣ ከፀሐይ ውጣ!" አሏት ሸምሲያን፤ ማን እንደሆነች ግን አላወቁም። ጥቂት ቆይቶ ሰርካለም መኮትኮቻዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከማሳው መጣች። ከስታለች፤ ፊቷም ጠቁሯል። ስታያቸው ቆመች።

ረምላ ሮጠችና መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች።

"ሰርኬ፣ ጨርቁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሽንት ቤት ጣልኩት። እማ ስታባርርሽ አልጋ ስር ነበርኩ።"

ሰርካለም መኮትኮቻውን አስቀምጣ በርከክ አለች። "ለምን ያኔ አልተናገርሽም?"

"እማ ስትጮህ ፈራሁ።"

"እኔም ፈርቼ ነበር" አለች ሰርካለም።

"አውፍ በዪኝ።"

አራት ዓመት እዚያ ቤት የኖረች ሴት ቃሉን ማንም ሊተረጉምላት አያስፈልግም። የልጅቷን ጉንጭ በአፈር በተለወሰ እጇ ዳበሰች። "አውፍ ብዬሻለሁ።"

ሸምሲያ እፎይ አለች። በቀትሩ ሶላት፣ በዙሁር አካባቢ ከተነሱ በዘጠኝ ሰዓት ስፌት መኪናዋ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። ስኳር፣ ዘይትና ራሷ የሰፋችው ጉርድ ቀሚስ ያለበትን ፌስታል አቀረበች። "እንግዲህ አልሐምዱሊላህ። ሰርኬ፣ እንዴት ተጎሳቁለሻል! ነገ ተመለሺ፤ ደሞዝሽንም እጨምራለሁ። ምን ይደረግ፣ ሰይጣን ነው በመካከላችን የገባው።"

"ቦርሳዬን የገለበጠው ሰይጣን ነው?"

"ሰርኬ..."

"ግቢው በር ላይ ነበርን። ጠዋት፣ ተከራዩ ሁሉ ወደ ሥራ ሲወጣ። የውስጥ ልብሴ መሬት ላይ ወደቀ። የመዝሙር ደብተሬ ወደቀ። ባንክ የሚሠራው ይድነቃቸው ሳቀ። አንቺ ልብሴን በእግርሽ አገላበጥሽው፤ በእጅሽ እንኳ አልነካሽውም።"

ሸምሲያ እግሯን ረስታው ነበር። አሁን የጫማዋን ጫፍ፣ በሱ ላይ የተንጠለጠለውን የሰው ልብስ በሐሳቧ አየችው።

"ከዚያ ወዲህ ሶዶ ውስጥ ሦስት ቤት ሥራ ጠየቅኩ" አለች ሰርካለም። "ሦስቱም አከራይሽን፣ እትዬ ፋንታዬን ጠይቀው መለሱኝ። እሳቸው ያዩትን ነው የተናገሩት፤ አልፈርድባቸውም።"

"አላወቅኩም ነበር እኮ! ይኸው ሳውቅ መጣሁ አይደል? በዚህ ፀሐይ፣ ሥራዬን ጥዬ፣ ልጅ እያስታወከች! ሌላ ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ?"

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። ረምላ አንድ እርምጃ ወደኋላ ስታፈገፍግ አየቻት። የአቶ ባዳቾም እጅ በቆሎው ላይ ቆመ።

"እዚህ ማንም ሌባ ብሎኝ አያውቅም" አለች ሰርካለም ቀስ ብላ። "ልጅቷን ከልቤ ይቅር ብያለሁ። አንቺን ግን አላልኩም። አልኩ ብዬ ብዋሽሽ ምን ይጠቅምሻል?" ፌስታሉንም ሳትከፍተው መልሳ እግሯ ስር አስቀመጠችላት።

ሸምሲያ ወዲያው ልትነሳ ፈለገች፤ አቶ ባዳቾ ግን እንግዳ ጦሙን ከቤታቸው እንደማይወጣ ተናገሩ። ሰርካለም የአገሩን ምግብ፣ ትኩስ ቦይና ልጣ፣ አቀረበች፤ ረምላም በእጇ እየቆረሰች በላች። ሸምሲያ አንዲት ቁራጭ አፏ ውስጥ አስገብታ ለረጅም ጊዜ አላመጠቻት።

ሲመለሱ ረምላ እንደ ሠርግ ታዳሚ ደስ ብሏት ነበር።

"እማ፣ የኔ አለቀ አይደል?"

"አለቀ።"

"ያንቺስ?"

"ዝም ብለሽ ተኚ።"

ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኛች። ሸምሲያ ግን ከራሷ ጋር ስትጨቃጨቅ መንገዱ አለቀ። እቤቷ ድረስ ሄድኩ። ልጄን አስለመንኩ። ሥራዋን መልሼ ሰጠኋት። ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ታደርግ ነበር? አንዱን ምክንያት አንስታ ሳትጨርስ ያ እግር ይመጣባታል። በኡስታዙ ተናደደች፤ በሰርካለም ግትርነት ተናደደች፤ በይድነቃቸው ሳቅ ተናደደች። ሶዶ ሲገቡ የቀራት የሚናደዱበት ሰው አልነበረም። ለእትዬ ፋንታዬ ለብቻቸው ሹክ እላቸዋለሁ፣ ከዚያ ይበቃል ስትል ወሰነች።

ግቢው ውስጥ የእሁድ ከሰዓት ነበር። ተከራዮቹ ልብስ ያጥባሉ፤ ይድነቃቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን ይቀባል። ወይዘሮ ፋንታዬ በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሸምሲያ አጠገባቸው ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ወይ ጉድ!" አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ፣ ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ ይዘው። "ያቺ ምስኪን! እኔ ደግሞ ለጠየቀኝ ሁሉ..." ግራ ቀኝ አዩና ወደ እሷ ዘንበል አሉ። "ግን የኔ ልጅ፣ አሁን ይህን ማን ያስታውሰዋል? እሷም አገሯ ገብታለች። ደንበኞችሽ ቢሰሙ ለሥራሽ አይበጅም። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ካለ እኔ አስተካክዬ እነግራለሁ። አንቺ ራስሽን አታዋርጂ፤ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።"

ሸምሲያ ፈልጋ የመጣችው ይህንኑ ነበር። ሳትለምን ሰጧት። አሁን ተነስታ ቀሚሶቹ ላይ መቀመጥ ትችላለች። ቀና ስትል ግን የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አየች፤ በሩ ላይ ሰርካለም ተንበርክካ ልብሷን ስትለቃቅም፣ የመዝሙር ደብተሯን አቧራ በክንዷ ስትጠርግ ታያት። ያን ጠዋት ድምፁን ዝቅ ያደረገ ማንም አልነበረም።

ተነሳች።

"ወዴት ነው?" አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

ረምላ ተከትላ የአባያዋን ጫፍ ያዘች። "እማ፣ አብሬሽ ልቁም?"

"አንቺ ግቢ፤ ያንቺ አልቋል" አለቻት፤ እጇንም ቀስ ብላ አላቀቀችው። ከበረንዳው ወርዳ በሩ ድረስ ሄደችና ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች። የመጀመሪያው ቃል በግማሽ ቀረባት። ደግማ ጠራች።

"ይድነቃቸው! ጫማህን ተውና ና። ሁላችሁም፣ እባካችሁ አንዴ ወደዚህ ኑልኝ።"