የጆጉ መስመሮች

«ውሃ ጠጡ፣ በቀትር ፀሐይ አትውጡ» እያልኩ ሰፈር ለሰፈር ስዞር አስራ አራት ዓመት ሆነኝ። የጤና ጣቢያው አስተማሪ ነኝ። በየደጃፉ ስጮህ ጉሮሮዬ ተልጧል፤ የገዛ እናቴ ግን ምክሬን ሰምታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥታ አታውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት ይሄንን ነው።

ዘንድሮ አዲስ ልጅ ተቀጠረች። ድምጿ ስለሚጥም ሁሉም «ማር» ይላታል። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ በመኪና ድምጽ ማጉያ የሚነገረውን የሙቀት ማስጠንቀቂያ እንድታነብ አለቃችን ለሷ ሰጣት። ጽሑፉን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ! እሷ ስታነበው ሰው መስኮቱን ከፍቶ ያዳምጣል። በቅናት ድብን አልኩ። ይሁን፣ እሱንስ ቻልኩት።

ያልቻልኩት የእናቴን ነው። ሙቀቱ ሲብስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ተከፋፍለን በየቀኑ እንድናይ ታዘዝን። እናቴ ያለችበት መንደር ለማር ደረሳት። በሦስተኛው ቀን እናቴ ፊቷ ፈክቶ ጠበቀችኝ።

«ያቺ ልጅ እንዴት ያለች ናት! ዛሬ አራት ብርጭቆ ጠጣሁልሽ።»

«አራት?»

«አራት። አንጀቴ ራሰ።»

የኔ አንጀት አረረ። አስራ አራት ዓመት ለምኜ ያጣሁትን ለትናንት መጤ! በማግስቱ የማርን ዝርዝር ከጠረጴዛዋ ላይ አነሳሁና የእናቴን ስም በእስክሪብቶ ሰረዝኩት።

«እትዬ፣ እማማን ከኔ ዝርዝር አወጧቸው እንዴ?» አለችኝ።

«እናቴን እኔ አያታለሁ።»

«እሺ፤ ግን እሳቸው ውሃ እንዲጠጡ መጀመሪያ...»

«እናቴን ልታስተዋውቂኝ ነው?»

ልጅቷ ዝርዝሯን አጥፋ ወጣች።

እኔም የራሴ ዘዴ አለኝ። ትልቅ የመስታወት ጆግ ገዛሁና በቀይ የጥፍር ቀለም አሰመርኩበት። እስከ አራት ሰዓት ድረስ እዚህ ጋ፣ እስከ ስድስት እዚህ ጋ፣ እስከ አስር ባዶ። «እማዬ፣ ውሃውን ከመስመሩ በላይ ካገኘሁት እንጣላለን» ብዬ ጣቴን ቀስሬ አስጠነቀቅኳት። ከሥራ ስወጣ ሄጄ ባየው ጆጉ ባዶ ነው። በማግስቱም ባዶ። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ቢሮ ገብቼ ማር እንድትሰማ ድምጼን ከፍ አድርጌ፣ «እናቴ እኮ በቀን ሁለት ሊትር ትጨርሳለች!» አልኩ።

በአራተኛው ቀን ሙቀቱ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያንቋቋ ሆነ። ሰባት ሰዓት ላይ ወደ እናቴ ብቅ አልኩ። ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው፣ ጣሪያው ሥር። የግቢው ሣር ሁሉ ከስሏል፤ መስኮቷ ላይ ያለው አበባ ግን ለምልሞ፣ ሥሩ ያለው ሳህን ውሃ አቁሯል። ጆጉም ልክ የስድስት ሰዓቱ መስመር ላይ ነው። ጎበዝ እናት ብዬ ልስማት ወደ አልጋዋ ዞርኩ።

ሹራቧን እንደለበሰች ተጋድማለች። «እማዬ!» ስላት በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ግንባሯ እሳት ነው፤ አንዲት የላብ ጠብታ የለውም። ክው አልኩ። ዞር ብዬ አበባውን አየሁት። ለካ ሲጠጣ የከረመው እሱ ነው።

የማስተምረውን ሁሉ አደረግኩት። አምቡላንስ ጠራሁ። ሹራቧን አውልቄ ጥላ ወዳለበት ኮሪደር አወጣኋት፤ አንሶላ አርጥቤ አለበስኳት፤ አንገቷና ብብቷ ሥር እርጥብ ፎጣ አድርጌ በካርቶን አራገብኩላት። ውሃ ላጠጣት ብርጭቆ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ራሱን ለማያውቅ ሰው ውሃ አይሰጥም፣ ያንቀዋል። ለስንት ሰው ያስተማርኩትን በእናቴ ልረሳው ነበር።

ሐኪም ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን ልቧ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ጥያቄዬን ማሳደር አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ውሃውን ለምን አበባው ላይ ደፋሽው?»

አንሶላዋን ወደ አንገቷ ሳበች።

«ውሃ ሽንት ያመጣል» አለች። «ሽንት ቤቱ ደግሞ ታች ግቢው ጥግ ነው። አስራ አንድ ደረጃ። አምና ወድቄ ነበር፤ አልነገርኩሽም። ብነግርሽ ከቤቴ ታስወጪኛለሽ። ማር ግን ታጠጣኝና ክንዴን ይዛ አውርዳ ትመልሰኛለች።»

አስራ አራት ዓመት ሙሉ «ጠጡ» ስል፣ «ለምን አትጠጡም?» ብዬ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም። ማር ልትነግረኝ የጀመረችውም ይሄንኑ ነበር፤ ቅናቴ ጆሮዬን ደፈነው እንጂ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ማስጠንቀቂያው ላይም ያቺን ጥያቄ ጨመርኩበት። እሷ ናት ያነበበችው፤ እንደ ልማዷ አሳምራ።

አሁን እናቴን እየተፈራረቅን እናያታለን። ትናንት ተራዬ ነበር። ሁለት ብርጭቆ ጠጣች፣ እኔም አብሬያት ጠጣሁ። ከዚያ ክንዷን ይዤ አንድ ሁለት እያልን ደረጃውን መውረድ ጀመርን። ሰባተኛው ላይ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ልጄ።»

«ወይ እማዬ።»

«ማር እንኳ እንዲህ አትጎትተኝም።»

አንጀቴ አረረ። ክንዷን ግን ላላ አድርጌ ያዝኩት፤ የቀሩትን አራት ደረጃዎች በእሷ እርምጃ ወረድናቸው።