ጠጣር ሲሆን ብቻ

የመምህርቷ ታናሽ ወንድም ከሞተ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጨው ፋብሪካ ውስጥ፣ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ወድቆ ቀረ። ሰውነቱ ላይ አንዲት ጭረት አልተገኘችም፤ ሐኪሙም ልቡ ቀጥ ብላ ነው ብሎ ጻፈ። አባታቸውም የሞተው በልብ ነበርና እናትየው ነገሩን ሳትከራከር ተቀበለች። «የአባቱን ልብ ወርሶ ነው፤ ማን ላይ ልፍረድ?» ትላለች ለመጣው ሰው ሁሉ። እህል ውሃ እንድትቀምስ ያደረገቻት ይህቺው ቃል ናት።

ከሰዓት በኋላ በፋብሪካው የጨው ወፍጮ ላይ አብሮት ይሠራ የነበረው ሰው መጣ። ግዙፍ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከማሽን ጋር ሲጯጯህ ኖሮ ቀስ ብሎ መናገር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቤቱን የሚሞላውን ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እየታገለ፣ ሟቹን ያወድስ ጀመር።

«እማማ፣ ልጅዎ እኮ ወርቅ ነበር! እኛ ‹ፕሮፌሰሩ› ነበር የምንለው። የወፍጮው ማብሪያ ሳጥን ላይ ጨው ይጋገራል። ድሮ ዋናውን መብራት አጥፍተን ነበር የምንጠርገው። ታዲያ ሥራ ይቆማል፣ ፎርማኑ ነፍሳችንን ያወጣታል። እሱ ነው ‹ምን አስጨነቃችሁ፣ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ መምህርቷ እህቴ ናት የነገረችኝ› ብሎ የገላገለን። ይኸው ሁለት ወራችን፣ ማንም አያጠፋም፤ በእጃችን ሙልጭ ነው!» ወደ መምህርቷ ዞረ። «እርስዎ ነዎት አይደል? እግዜር ይስጥልን።»

መምህርቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ነገሩ ትዝ አላት። እሷ ፈተና እያረመች፣ እሱ ምሳውን እየበላ ነበር። «እታለም፣ ጨው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል እንዴ?» አላት አፉን ሞልቶ። «አያስተላልፍም፤ ጠጣር ሲሆን አዮኖቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም» አለችው ቀና ሳትል። ወሬው ከዚያ ብዙም አልሄደም።

ስህተት አልተናገረችም፤ አንጀት የሚያሳርረውም ይኸው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረችው ትምህርት ነው። በየዓመቱ ሁለት ተማሪዎች ታስነሳና አንዱን ሶዲየም፣ አንዱን ክሎሪን ትላቸዋለች። ሶዲየም እስክሪብቶውን ለክሎሪን ይሰጣል፤ እስክሪብቶዋ ኤሌክትሮን መሆኗ ነው። የሰጠው ፖዘቲቭ፣ የተቀበለው ኔጌቲቭ አዮን ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ተያይዘው በቀላሉ መላቀቅ የለም። ክፍሉም «ተጋቡ!» እያለ ያውካካል። ለዚህ ነው ጨው ከስምንት መቶ ዲግሪ በላይ ካልጋለ የማይቀልጠው፤ በመዶሻ ሲመቱትም የማይጣመመው፣ እንክት የሚለው። ደረቅ ጨው ውስጥ አዮኖቹ ተጣብቀው ስለሚቀመጡ ኤሌክትሪክ የሚሸከም የለም። ውሃ ሲገባበት ግን ይላቀቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፤ ያኔ ያስተላልፋል። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ተማሪዎቿ ሁሌም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያገኙታል። ወንድሟ ግን ተማሪዋ አልነበረም።

«የዚያን ዕለት ሳጥኑ ደረቅ ነበር?» አለች።

«የት ይደርቃል! ጨዉ ላይ የአዮዲን ውሃ የሚረጨው ቧንቧ ማፍሰስ ከጀመረ ሰነበተ። የተጋገረው ሁሉ ጭቃ ሆኖ ነበር። እሱን ሲጠርግ ነው እንግዲህ ልቡ…» ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

«አሁን ማን ነው የሚጠርገው?»

«እኔ ነኛ! ከዚህ ወጥቼ ልገባ ነው።»

መምህርቷ እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ሰውዬውን ውጭ ጠርታ በሹክሹክታ ልትነግረው አሰበች፤ ግን ይህ ሰውዬ ሹክሹክታን ከየት ያውቀዋል? ሠፈሩ ሁሉ ሰምቶ ለእናቷ ሊያደርስላት ነው።

«ለማንኛውም መብራቱን አጥፍታችሁ ጥረጉ» አለች።

«ኧረ መምህርት! ፎርማኑ ያለ ምክንያት እሺ ሊለኝ? ምን ልበለው?»

ፈራች። ዝም ብላ ብትሸኘው ማንም አያውቅም ነበር፤ እናቷም በዚያች ቃሏ ተጽናንታ ትኖር ነበር። የሰውዬው ትልልቅ እጆች ጉልበቱ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ጨው ሲረጥብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል በለው» አለች። «ወንድሜን የገደለው ልቡ አይደለም፤ መብራት ነው በለው። እኔ የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነው።»

ሰውዬው መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ከዚያ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ስልኩን እየመዘዘ ወጣ። «ሳጥኑን እንዳትነኩት! ማንም እንዳይነካው!» ሲል ከደጅ ተሰማ። ቤት ውስጥ የነበሩት እንግዶች ጫማቸውን ያዩ ጀመር።

«ልቡ ደህና ነበር?» አለች እናትየው።

«ደህና ነበር፣ እማ።»

«ልጄ ጤነኛ ነበር።» ለራሷ የምትናገር ትመስል ነበር። ወደ መምህርቷ ዞራ፣ «ታዲያ ለምን አልጨረሽለትም?» አለቻት።

እውነቱን ለመናገር ልትጨርስለት ነበር። «ውሃ ሲነካው ግን» ብላ ጀምራ ነበር፤ እሱ ነው «በቃ፣ በቃ! ዛሬ እሑድ ነው፣ ትምህርት የለም» ብሎ አፏን በመዳፉ የከደነው። ተሳስቀው ነበር። ይህን ብትናገር ጥፋቱን ለሬሳ ማካፈሏ ነው።

«ሥራ ይዤ ነበር» አለች።



«እግዜር ይይልሽ» አለቻት እናትየው።