የቦሰና እንዚራ

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ጊታር አይቼ አላውቅም» አሉ እትዬ እሙሽ፣ ገና ፍራሹ ላይ ከመቀመጣቸው። «የምስራች ልጄ፣ ያላ፣ ቶሎ ጎረቤት አስቀምጪው። ሰው ምን ይላል?»

የምስራች የሻዩን ብርጭቆዎች ከፊታቸው ደረደረች። ባስ ጊታሩ ሟቿ ቦሰና ከአልጋዋ ራስጌ እንዳስደገፈችው ነው። ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ማንም አልነካውም፤ የምስራችም አቧራውን እንኳን ለመጥረግ አልደፈረችም።

እትዬ እሙሽ ክፉ ሰው አይደሉም። እዚህ ቤይሩት፣ ደክዋኔ ሰፈር ውስጥ ሐበሻ ሲሞት ሰው የሚጠሩት፣ ፍራሽ የሚለምኑት፣ አልቃሽ ለሌላት የሚያለቅሱላት እሳቸው ናቸው። ግን ወግ ወግ ነው። ወላጅ አገር ቤት ልጁን ቀብሮ ተቀምጦ፣ እዚህ የመጨፈሪያ ዕቃ አጠገብ ሻይ መጠጣት ለእሳቸው ነውር ነበር።

የሰው ቤት አጽድተው የተመለሱ ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ ይቀመጣሉ። ሐዝሚዬ ሰፈር የምትሠራው ፋሲካ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «አባትየው ፎቶውን ቆረጡት አሉ፣ ሰማሽ? ጊታሩን በመቀስ አውጥተው ፊቷን ብቻ ነው ለለቅሶው ያስያዙት» አለች።

የምስራች ሰማች። ቦሰና ጊታሩን ይዛ የተነሳችውን ያንን ፎቶ ከአስከሬኑ ጋር የላከችው እሷ ናት። አገር ቤት ሰው ሲሞት የሚወደው ነገር ለቅሶ ላይ ይወጣለታል፤ ጠመንጃ የነበረው ጠመንጃው፣ ፈረስ የነበረው ፈረሱ። ቦሰና ደግሞ ከዚህ ጊታር ሌላ የእኔ የምትለው ነገር አልነበራትም። እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ አንገቷን ደፋች።

የቦሰና አባት አለቃ ለገሰ መንዝ ውስጥ በገና ደርዳሪ ናቸው። ቦሰና በልጅነቷ የእንዚራው ኃላፊ ነበረች። እንዚራ ማለት የበገናው አውታሮች በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው ላይ፣ ከየአውታሩ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። እሷ ትክክል ቦታዋ ላይ ካልተቀመጠች በገናው አይነዝርም፣ እንጨት ብቻ ይሆናል። ልጅቱ በትንንሽ ጣቶቿ ቆዳዋን ወደፊት ወደኋላ ስትል፣ አባቷ አውታሩን እየመቱ «ገና ነው፣ ገና ነው» ይሏት ነበር። ቦሰና ይህን ስትተርክ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር።

ቤይሩት መጥታ ከማዳሟ ቤት ከወጣች በኋላ፣ እሑድ እሑድ ዶራ ሰፈር ለሐበሻ ድግስ የሚጫወቱ ልጆች ጋር ገብታ ባስ ለመደች። አባቷ ያንን የሰሙ ቀን «አዝማሪ ልኬያለሁ ለካ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ያወሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የምስራችን አስከትላ ቡርጅ ሐሙድ፣ አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጡ አርመን ሽማግሌ ዘንድ ሄደች። ፔዳል ልትመርጥ ነበር፤ ከጊታሩና ከድምፅ ማጉያው መሐል ገብታ፣ በእግር ስትረገጥ ድምፁን የምትለውጥ ትንሽ የብረት ሳጥን። ሽማግሌው አንዷን ሰኩላት፤ ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ መለሰችው። «ላእ፣ አይሆንም» አለች ቦሰና። ሌላዋ ውኃ ውስጥ የነከረችው አስመሰለች። «ላእ።» ሦስተኛዋ ከፍ ዝቅ የሚለውን አስተካክላ ለስላሳ አደረገችው። «ባስ የሚጫወት ሁሉ ይህቺን ነው የሚወስደው፣ ማድሞዜል» አሉ ሽማግሌው። እሷ ግን ድምፁን የምታስገሳ ሌላ ፔዳል ጠየቀች። ረግጣት ዓይኗን ጨፈነች።

«ይነዝራል» አለች ለየምስራች፣ «ግን ወፍራሙን ድምፅ በላው። ያኒ፣ ሆድ የለውም።»

በአረብኛና በእጇ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ጓዳ ገብተው ቀለሟ የተላጠ አንዲት ፔዳል ይዘው መጡ። ይህቺ የሚነዝረውን ድምፅ ካልተነካው ወፍራም ድምፅ ጋር የሚቀላቅል ለብቻው የሆነ ቁልፍ አላት። ቦሰና ቁልፉን በዝግታ አዞረች፣ መለሰች፣ ደግሞ አዞረች። ከዚያ እዚያው በርጩማው ላይ እንባዋ ወረደ።

«እኔ ንብ ነው የሰማሁት» አለቻት የምስራች በመንገድ ላይ።

«በገና መሆን አለመሆኑን አባዬ ይፍረዳ። ለሁዳዴ በስልክ አሰማዋለሁ።»

እሑድ ድግስ ላይ ያቺን ፔዳል አንድ ቀንም ረግጣት አታውቅም። ሕመሙ ጠንቶባት እንኳን «አንቺ ክሩን ምቺልኝ፣ እኔ ቁልፉን ላስተካክል» እያለች የምስራችን አጠገቧ ታስቀምጣት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ እሷ አልነበረችም።

የእትዬ እሙሽ ስልክ ጠራ። አለቃ ለገሰ ናቸው። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት።

«እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ልጄን ባዕድ አገር ብቻዋን አላደረጋችኋትም» አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያንን ዕቃ ግን ከቤታችሁ አውጡት። የልጄ ስም በእሱ አይነሳ።»

«ሰማሽ?» አሉ እትዬ እሙሽ በሹክሹክታ። «ኸላስ፣ አበቃ።»

የምስራች ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች። እንዲህ እንደምትደፍር ራሷም አታውቅም ነበር። «አለቃ፣ የምስራች ነኝ፣ አብሬያት የኖርኩት። ለእርስዎ ብላ ያዘጋጀችው አንድ ነገር አለ። ሰምተው ካላማረዎት በገዛ እጄ አወጣዋለሁ።»

መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። የድምፅ ማጉያውን ገመድ ሰካች፣ ጊታሩን ታቀፈችው፣ ፔዳሏን ረገጠች። ቦሰና ስታስመታት የነበረውን ያንኑ ወፍራም ክር መታች። ድምፁ ነዘረና ክፍሉን ሞላው። የምስራች ለመጀመሪያ ጊዜ ንብ አልሰማችም። ሊነሱ ያኮበኮቡት እትዬ እሙሽ ተመልሰው ተቀመጡ።

ደግማ መታች፣ ደግማ። ከስልኩ ምንም የለም። መስመሩ ተቋርጧል ብላ እጇን ክሩ ላይ አሳረፈች።

«እንዚራውን ማን አስተካከለው?» አሉ አለቃ።

«ቦሰና ናት።»

«ከምን ቆዳ ነው?»

«ቆዳ የለውም፣ አለቃ። በእግር የሚረገጥ ብረት ነው። እሷ ናት መርጣ ያገኘችው።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ጠብቋል» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «ድሮም ታጠብቀው ነበር። ትንሽ ላላ አድርጊው።»

የምስራች ጎንበስ ብላ ቁልፉን ያዘች። የቦሰና ጣቶች ካቆሙት ወዲህ ማንም አላዞረውም።

«ተዪው» አሉ አለቃ በድንገት። «እንዳደረገችው ይሁን። የእሷ እጅ ነው። ምቺው።»

የምስራች ጣቷን ከቁልፉ አነሳች። እትዬ እሙሽ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሳቡ፤ ከዚያ ስልኩን ከወለሉ አንስተው ድምፅ ማጉያው ሥር አስጠጉት።