የበዛች ቃል

በዛች ፖሊስ ጣቢያ የተጠራችበትን የምስክርነት ቃል ሰጥታ ስትጨርስ፣ መርማሪው ሳጅን አወቀ የጻፈውን ወረቀት ገፋ አደረገላትና የአሻራውን ቀለም ከፈተ።

«እዚች ጋ አውራ ጣትዎን ያሳርፉ፣ እናቴ።»

«መጀመሪያ ላንብበው» አለች።

ሳጅኑ ቀና ብሎ አያት። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረች ሴት መሆኗን ማን ነግሮት! በዛች ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወረደች። ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ፣ ነጩ አይሱዙ፣ ጎረቤቷ ሀጀራ ድንቿን እንደያዘች የተገጨችበት ሰዓት፣ ሁሉም አለ። አምስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። «በወቅቱ ግራ ተጋብቼ ስለነበር ሾፌሩን ለይቼ አላየሁም» ይላል።

ደሟ ፈላ። «ይኼን ማን አለ?»

«እርስዎ ነዎት። ግራ ገባኝ አላሉም?»

«ብያለሁ! ሚሊዮን፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ከመኪናው ወርዶ ሀጀራን ተዘርራ አያት። አይቷት ተመልሶ ገባና ነዳው። ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነው ግራ የገባኝ። ዓይኔማ ምን ሆነና!»

«ያው ነው እኮ» አለ ሳጅኑ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ። «ግራ መጋባት ማለት መደናገር ነው። የተደናገረ ሰው ደግሞ...»

«ያው አይደለም!» ብድግ አለች። «መንታ መንገድ ላይ የቱ እንደሚያደርሰኝ ሲጠፋኝ ተደናገርኩ እላለሁ። የጎረቤት በግ የእኔን ሲመስለኝ ተምታታብኝ እላለሁ። ግራ ገባኝ የምለው ነገሩን በዓይኔ እያየሁ፣ ሰውየውንም እያወቅሁ፣ ምክንያቱ ሲጠፋኝ ነው። አንተስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ?»

የሳጅኑ ፊት ተለዋወጠ። «በቃ፣ እሷን መስመር ልሰርዛት።»

«መሰረዝ የለም። ሌላ ወረቀት አውጣ።»

«ውጭ ስንት ሰው እየጠበቀኝ!»

«ይጠብቅ! ሀጀራ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተኝታለች። እኔን ናላዋ የዞረ አስመስለህ እሱን ልታስመልጠው ነው?»

አወቀ አዲስ ወረቀት ሳበና እሷ እያለች እሱ ጻፈ። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ቀለሙን ወዲያ ገፍታ፣ እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።

በማግስቱ ሚሊዮን ተያዘ። በዛች ንዴቷ ገና ሳይበርድላት ሀጀራ ቤት ገብታ፣ ያየችውንም የተናገረችውንም አንድ በአንድ አወራቻት። ሀጀራ ክርኗን ተደግፋ ቀና አለችና፣

«ወርዶ አየኝ?» አለች።

በዛች ክው አለች። ሀጀራ ያኔ ራሷን ስታ ነበር፤ እስከዛሬም ይኼን የነገራት አልነበረም።

«አይቶሻል» አለቻት።

«እኔ እኮ ሳያየኝ የሄደ መስሎኝ፣ አውፍ ብዬው፣ ከልቤ ይቅር ብዬው ነበር» አለችና ሀጀራ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።