ቀለም ቀማሚዋ የጻፈችው ትንበያ

ቀለም ቀማሚዋ በዓይኗ አትታማም። በምትሠራበት የቀለም ሱቅ ማሽኑ ሲሳሳት የምታርመው እሷ ናት። ደንበኛ ከግድግዳው ፈልቅቆ ያመጣውን ጥፍር የምታክል ቅራፊ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ፣ «ሁለት ጠብታ ጥቁር፣ ግማሽ ጠብታ ቢጫ» ካለች አለቀ፤ ክርክር የለም። ምላሷም እንደ ዓይኗ የተሳለ ነበር። አንድ ሰውዬ «እህት፣ ይሄ ነጭ ነው ወይስ ክሬም?» ቢላት፣ «ለሚያይ ሰው ክሬም ነው» ብላ ባዶ እጁን ሸኝታዋለች።

ይህችን ዓይን ነው እንግዲህ ማኅበሩ «አትረባም» ያላት።

ማኅበሩ ተለዋዋጭ ኮከቦችን የሚከታተሉ አሥራ አምስት ሰዎች ስብስብ ነው። ተለዋዋጭ ኮከብ እንደ ሰው ፊት ነው፤ አንዴ ይፈካል፣ አንዴ ይጠቁራል። እነሱ ደግሞ አመሻሹ ላይ በየጣሪያቸውና በየግቢያቸው ቴሌስኮፕ ደቅነው፣ ኮከቡን ድምቀታቸው ከማይለወጥ ጎረቤቶቹ ጋር ያስተያዩታል፤ ከዚህኛው ይበልጣል፣ ከዚያኛው ያንሳል ብለው ቁጥር ይሰጡታል። ቁጥሩ እንደ ክፍል ደረጃ ነው፤ አንደኛ የወጣ ከአሥረኛው ይበልጣል። ስለዚህ ስምንት ሲባል ደማቅ፣ አሥራ አንድ ሲባል ደብዛዛ ነው። ሰፈሩ ግን ይሄን ሁሉ ከየት ያውቃል? ለሰፈሩ እሷ «ኮከብ ቆጣሪዋ» ናት። «የልጄና የዚያ ጎረምሳ ኮከብ ይገጥማል ትያለሽ?» እያሉ በር የሚያንኳኩ እናቶች ነበሩ። የገዛ እናቷም ብትሆን፣ «የሰማዩን ስትቆጥሪ የራስሽ እንዳያልፍሽ» ማለቷን አትተውም።

ጠቡ የተነሣው «ቀዩ» በሚሉት ኮከብ ነው። ቀዩ በዓመት አንዴ ገደማ ይጠፋና ተመልሶ ይደምቃል። የማኅበሩ የዘንድሮ ትንበያ «ሰባት ይደርሳል» አለ፤ የሁሉም ሪፖርት እንደ ታዛዥ ልጅ ቀስ በቀስ ወደ ሰባት ወጣ። የእሷ ብቻ አሥር ላይ ተገትሮ ቀረ። አምስት ወር ሙሉ አየችው፤ አምስት ወር ሙሉ አልደመቀም።

ማኅበሩ በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰበው በአንድ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የፕላስቲክ አፅም አጠገብ ተቀምጦ፣ ጸሐፊው ባለ መድኃኒት ቤት በነገር ወጋት።

«እንግዲህ ሁላችንም ታውረን አንቺ ብቻ ልታዪ ነው? ቀለም ዓይንሽን በልቶታል፣ እመቤት!»

«አንተ ደግሞ የሐኪም ጽሑፍ ስታነብ ኖረህ የሌለ ነገር ማንበብ ለምደሃል» አለችው።

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን አልጠቀማትም። ባለ መድኃኒት ቤቱ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የሦስት ዓመት ምልከታዋ በሙሉ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረበ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ምልከታ! ጣሪያ ላይ እግሯ እየደነዘዘ፣ ጠዋት ሱቅ ቆማ እያንቀላፋች የለቀመችው። በሕይወቷ ማንም ያልሰጣት፣ ራሷ ያበጀችው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ወደ ጋሼ ዞራ አየች። ጋሼ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር፣ የማኅበሩ መሥራችና ሊቀ መንበር ነው። ቴሌስኮፕ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት እንኳ ሳያጓድል ሪፖርት የላከ ሰው ስለሆነ፣ ሌላው ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት «ጋሼ ስንት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ እትዬ እንደ ወትሮዋ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ልጄ» አላት ጋሼ ለስለስ ብሎ፣ «ቀይ ኮከብ ሰው ያታልላል። ይሄ ኩራትሽ ነው እንዳታዪ ያደረገሽ።»

ስድቡን ትችለው ነበር፤ ልስላሴው ነው ያንገበገባት።

ከአባላቱ ትንሿ እሷ ስለሆነች፣ የየወሩን ትንበያ የምትተይበው፣ የምታባዛውና የምታከፋፍለው እሷ ነበረች፤ ለዚህ ለዚህ ዓይኗ ትረባለች። ትንበያው ከቆየው መዝገብ ተሰልቶ የትኛው ኮከብ በወሩ አጋማሽ ስንት ላይ እንደሚሆን የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በዚያ ወር «መንታው» የሚባለው ኮከብ ስምንት ላይ እንደሚሆን ይላል። እሷ «አሥራ አንድ» ብላ ተየበች። በቃ፣ አንድ ቁጥር። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለአንድ ደቂቃ ቀና ያለ ሰው መንታው ቦግ ብሎ ይታየዋል፤ ሊሳሳት አይችልም። ቀና ያላለ ሰው ደግሞ…

ሪፖርቶቹ ገቡ። ከእሷ ሌላ ስለ መንታው የጻፉት አሥራ ሁለት ናቸው። ሦስቱ ስምንት አሉ። ዘጠኙ አሥራ አንድ፣ አሥር ነጥብ ስምንት፣ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት። ባለ መድኃኒት ቤቱ አሥር ነጥብ ዘጠኝ ብሎ፣ ከጎኑ «ሰማዩ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር» የሚል አክሎበታል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አልጋዋ ላይ ብቻዋን ከትከት ብላ ሳቀች።

የመጨረሻውን ወረቀት ስታነሣ ግን ሳቋ ቆመ። በእትዬ የእጅ ጽሑፍ፣ በጋሼ ስም፦ አሥራ አንድ ነጥብ አንድ።

ጋሼ አይዋሽም። የማይዋሽ ሰው ያላየውን ከጻፈ ማየት አልቻለም ማለት ነው። ያኔ ሁሉ ነገር ተገጣጠመላት፤ ደረጃ ላይ እትዬን የሙጥኝ ማለቱ፣ ሰው ሲገባ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ሰላም አለማለቱ። ያቺን አንዲት ወረቀት ከክምሩ ብታወጣት የቀሩት ስምንቱ ወረቀቶች ለክርክሯ ይበቋት ነበር። ወረቀቷን ይዛ ብዙ ቆየች። «ኩራትሽ ነው» ያላት ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ከሌሎቹ ጋር መልሳ አስቀመጠቻት፤ ከሁሉ በላይ።

ቅዳሜ አሥራ አምስቱም ተገኙ። ባለ መድኃኒት ቤቱ የስረዛውን ሐሳብ ሊያነብ ጉሮሮውን ሲጠርግ ከአፉ ነጠቀችው።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ጋሼ፣ ይሄን የመንታውን ሪፖርትዎን እስቲ ያንብቡልን?»

ወረቀቱን ገልብጣ ሰጠችው፤ ጽሑፉን ቁልቁል አድርጋ።

ጋሼ ተቀበላት። ፊቱ ፊት ይዞ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ» አለ፣ «የእኔ ነው። መንታው፣ አሥራ አንድ ነጥብ አንድ።»

እትዬ እጇን ልካ ልታስተካክልለት ስትል ረፍዶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አይቷል።

«ገልብጠው ነው የያዙት» አለች ቀለም ቀማሚዋ።

በዚህም አላበቃችም፤ ዘጠኙን ቁጥር በየባለቤቱ ስም እየጠራች አነበበች፤ «ሰማዩ እንደ መስታወት» የሚለውንም አልዘለለችም። ከዚያ ትክክለኛውን ትንበያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «መንታው ስምንት ነው፤ ዛሬም ስምንት ነው። አሥራ አንድን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናንተ ሰማይ አይደለም፣ የእኔን ወረቀት ነው ስታዩ የከረማችሁት። ቀዩም እንደዚሁ ነው የደመቀላችሁ።»

«አንቺ ልጅ» አለች እትዬ፣ «ምን አደረገሽ?»

«እኔን ምንም። ኮከቡን ነው የበደለው።»

ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረው። «ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ ለማንም ሳይሆን። «መጀመሪያ ደመና መስሎኝ ነበር። ግላኮማ ነው አሉኝ። እስኪሻለኝ ብዬ ነው እንጂ… ሠላሳ ዓመት የተሰመረ መስመር በእኔ ዓይን ምክንያት ይቆረጥ?»

ነርሷ፣ መንታውን ስምንት ካሉት ከሦስቱ አንዷ፣ «ልጅቷ እኮ እውነቷን ነው» ብላ አጉረመረመች። እዚህ ላይ ነበር ቀለም ቀማሚዋ አሸነፍኩ ያለችው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ግን ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እሺ፣ እኛ ሰነፎች ነን እንበል። ግን የማኅበሩን ሰነድ አውቆ በውሸት የሞላው ማነው? ራሷ አፍ አውጥታ ነገረችን! ከእንግዲህ የዚህች ልጅ የትኛው ቁጥር ይታመናል?» መተዳደሪያ ደንቡን አወጣ። ሰነድ ያጭበረበረ ይባረራል፤ ምልከታውም አብሮት ይሰረዛል። ከአሥራ አምስቱ አሥር ድምፅ ይበቃል። «የምትደግፉ እጅ!»

የባለ መድኃኒት ቤቱ እጅ ቀደመ። ስማቸው የተነበበባቸው ሰዎች አንድ በአንድ ተከተሉት፤ የተዋረደ ሰው እጁ ቀላል ነው። ቀለም ቀማሚዋ ስምንት ስትቆጥር ልቧ አረፈ፤ ከዚያ በላይ ከየት ይመጣል? ነርሷ ወለሉን እያየች እጇን ግማሽ ድረስ አነሣች።

«ስንት ሆነ?» አለ ጋሼ።

ባለ መድኃኒት ቤቱ «በቂ ነው፣ ጋሼ» ሲል፣ ጋሼ መዳፉን ዘርግቶ አስቆመው።

«አንተን አልጠየቅኩም። እሷ ትቁጠርልኝ። እሷ ታያለች።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። የነርሷ እጅ ከትከሻዋ አላለፈም፤ አልተነሣም ቢባል ያስኬዳል። ስምንት ብትል ማን ይከራከራታል? ነርሷ ራሷ እፎይ ብላ ታወርደው ነበር። ቀለም ቀማሚዋ የዚያን ክንድ ቁመት እንደ ቀለም ቅራፊ መዘነችው።

«ዘጠኝ» አለች።

«ልክ ነሽ?»

«ዘጠኝ ነው።»

«አንድ ጎደለ ማለት ነው።»

«አዎ ጋሼ። አንድ።»

እትዬ ክንዱን ያዘችው። ጋሼ እጇን ቀስ አድርጎ ከላዩ አነሣና፣ የእሷ ድምፅ ወደመጣበት አቅጣጫ ፊቱን አቅንቶ፣ የራሱን እጅ ወደ ላይ ዘረጋ። ክንዱ ቀጥ ብሎ፣ ጣቶቹ ተገጥመው፤ ከሁሉም የእሱ ከፍ ያለ ነበር።

«አሁንስ?» አላት።

«አሥር» አለች።